ትኩሳቱ ለቆት ከሳምንት በኋላ ተመለሰበት፤ ታይፎይዱ ነው ያገረሸው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎት ከባሕር ዳር፣ ከግሽ ዓባይ አካባቢ ነው። ታናሽ ወንድሜ 21 ዓመቱ ነው። ሰኔ ላይ ከገጠር መጥቶ ግንባታ ላይ የቀን ሥራ ይሠራል። ከሌሎች ስድስት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው ነው የሚያድሩት። ከሁለት ሳምንት በፊት ድንገት ብርድ ብርድ አለው፣ አንቀጠቀጠው፣ ራሱን ፈለጠው። እናታችን ምች ነው ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችው። አልሻል ሲለው ክሊኒክ ወሰድኩት። ታይፎይድና ታይፈስ አለበት ብለው ሲፕሮ ሰጡት። በአምስተኛው ቀን በላብ ተጠምቆ ተነሳ። ዳነ ብለን ሥራ ገባ። ስምንት ቀን ደህና ሰንብቶ ትናንት እንደገና ያው ሆነ። ዛሬ ጠዋት ነስሮታል፣ ዓይኑም ቢጫ ቢጫ ይላል። ታይፎይዱ ነው ያገረሸው? ያንኑ ኪኒን ልግዛለት? እኔ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ልብሱን የማጥብለት እኔ ነኝ። ለመናገር ባፍርም ስፌቱ ውስጥ ቅማል አይቻለሁ። ወደ እኔ ይተላለፋል?

መልስ፦ እህቴ፣ አስቸኳዩን ላስቀድም። ያንኑ ኪኒን አትግዢ። ይህን እንዳነበብሽ ባጃጅ ያዢና ወንድምሽን ሆስፒታል ውሰጂው። ፈለገ ሕይወትም ይሁን ጥበበ ግዮን፣ የቀረበሽ ጋ ሂጂ። ለነገ አታሳድሪው። ትኩሳት ላይ ነስርና የዓይን ቢጫነት ከተጨመረ ቤት ተኝቶ የሚጠበቅ ሕመም አይደለም። የቀረውን መንገድ ላይ ሆነሽ ታነቢዋለሽ።

ሳላየው በሽታውን ልወስን አልችልም። የጻፍሽው ታሪክ ግን አንድ በሽታ በግልጽ ያሳስበኛል። ለመናገር ያፈርሽበት ነገር ደግሞ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ እሱ ነው። ቅማሉን ባትጠቅሺ ኖሮ መልሴ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር።

የምጠረጥረው በሽታ በሕክምናው ሪላፕሲንግ ፊቨር ይባላል። የሚያገረሽ ትኩሳት ማለት ነው። የሚያመጣው ቦሬሊያ ሪከረንቲስ የሚባል፣ እንደ ተጠመዘዘ ክር ያለ ቀጭን ባክቴሪያ ነው። ኦበርማየር የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በበሽተኞች ደም ውስጥ ሲዋኝ ያየውን በ1873 እ.ኤ.አ. ጽፎ አሳውቋል። ያኔ አውሮፓንም ያስጨነቀ በሽታ ነበር። ዛሬ ከብዙው ዓለም ጠፍቷል። በእኛ አገርና በጎረቤቶቻችን ግን አለ። በ2015 እ.ኤ.አ. ከአፍሪካ ቀንድ ተሰድደው አውሮፓ በደረሱ ወጣቶች ላይ ሲገኝ፣ እዚያ ያሉ ብዙ ሐኪሞች ከመጽሐፍ በቀር አይተውት አያውቁም ነበር። እኛ ባሕር ዳር ላይ ክረምት በገባ ቁጥር ልናስበው የሚገባ በሽታ ነው።

አሁን የወንድምሽን ቀናት እንቁጠር። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የዚህ በሽታ ዋናው ምልክት የቀኖቹ አካሄድ ነው። ሕመሙ ቀስ እያለ አይመጣም። ሰውየው ጠዋት ሲሚንቶ ተሸክሞ ከሰዓት ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ትኩሳቱ ወዲያው ከፍ ይላል። ራስ ይፈልጣል፣ ጡንቻና መገጣጠሚያ ይቆረጥማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ያስመልሳል። ከጎድን አጥንት ሥር በግራም በቀኝም ያማል፣ ጣፊያና ጉበት ስለሚያብጡ ነው። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ቀን ይቆያል። ከዚያ በአንድ ቀን፣ አንዳንዴም በጥቂት ሰዓት ውስጥ፣ ኃይለኛ ላብ ወጥቶ ትኩሳቱ ይወርዳል። ሰውየው ይደክማል እንጂ ደህና ነኝ ይላል። ሳምንት ገደማ ደህና ይሰነብታል። ከዚያ ይመለስበታል። ወንድምሽ አምስት ቀን ታመመ፣ በላብ ተጠምቆ ተነሳ፣ ስምንት ቀን ደህና ሆነ፣ እንደገና ወደቀ። አካሄዱ ከዚህ ጋር ቁጭ ይላል።

ለምን ይመለሳል? ሰውነታችን ባክቴሪያውን የሚያውቀው በላዩ ባለው ሽፋን ነው። ካወቀው በኋላ መከላከያ አምርቶ ይፈጀዋል። ያኔ ትኩሳቱ ይወርዳል። ቦሬሊያ ግን ከመካከሉ ጥቂቶቹ ሽፋናቸውን ይቀይራሉ። ልክ የሚፈለግ ሰው ካባ ቀይሮ በጥበቃው ፊት እንደሚያልፍ ነው። እነዚያ ጥቂቶች ተደብቀው ይራባሉ፣ ከሳምንት በኋላ በዝተው ይወጣሉ። ሰውነት አዲሱን ሽፋን እስኪያውቅ ሰውየው እንደገና ይታመማል። ካልታከመ ይህ ደጋግሞ ሊከሰት ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ተከታዩ ዙር ከመጀመሪያው አጠርና ቀለል ይላል። የወንድምሽ ግን ቀለል አላለም፣ ነስርና ቢጫነት ጨምሯል። ለዚህ ነው በሩጫ ሂጂ ያልኩሽ።

ስለዚህ ያ ኪኒን ሠራ ብላችሁ ያመናችሁት ነገር አጠራጣሪ ነው። ትኩሳቱ በአምስተኛው ቀን ኪኒን ባይወስድም በራሱ ጊዜ ሊወርድ ይችል ነበር። ይህ አጋጣሚ ብዙ ቤተሰብ አሳስቷል። ሰው ሦስተኛው ቀን ላይ መድኃኒት ይጀምራል፣ አምስተኛው ቀን ላይ ይሻለዋል፣ ምስጋናው ለመድኃኒቱ ይሄዳል። ሲመለስበት ደግሞ «ታይፎይዱ አልለቀቀውም» ይባላል።

ስለ ታይፎይዱም ግልጽ ልሁን። በየክሊኒኩ «ታይፎይድና ታይፈስ» የሚባለው ውጤት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ዊዳልና ዌል ፊሊክስ ከሚባሉ ሁለት የደም ምርመራዎች ነው። እነዚህ ምርመራዎች ባክቴሪያውን አያዩም። የሚፈልጉት ሰውነት ያመረተውን መከላከያ ነው። ያ መከላከያ ግን ከዓመታት በፊት ከነበረ ሕመም ሊተርፍ ይችላል። በሌላ ጀርም ሳቢያም ሊታይ ይችላል። ታይፎይድ በሚበዛበት አገር ጤነኛ ሰው ላይም ፖዘቲቭ ይወጣል። አንድ ጊዜ ብቻ በተሠራ ዊዳል ታይፎይድ ነው ብሎ መደምደም በእኔ እምነት ከሚጠቅመው የሚጎዳው ይበልጣል፣ ምክንያቱም ሌላ ፍለጋውን ያስቆማል። ታይፎይድን በትክክል የሚያረጋግጠው ከደም ላይ ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚያሳየው የካልቸር ምርመራ ነው። አካሄዱም ይለያል። የታይፎይድ ትኩሳት በቀናት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ይወጣል፣ ካልታከመም ሳይለቅ ሳምንታት ይቆያል። ታይፎይድም የሚያገረሽበት ጊዜ አለ። ግን በድንገት ጀምሮ በአምስት ቀን በላብ የሚያበቃ ትኩሳት የእሱ ጠባይ አይደለም።

ወባን ግን አትርሱት። ጣና ዙሪያ፣ ፎገራና ደምቢያ ሜዳ ላይ ወባ የታወቀ ነው። እሱም ያንቀጠቅጣል፣ እሱም ያልባል። አንድ ሰው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ሊይዝ ይችላል። ደስ የሚለው፣ ሁለቱን የሚለየው ምርመራ አንድ ነው። ከጣት የተወሰደች የደም ጠብታ በስላይድ ላይ ተቀብታ፣ ቀለም ተነክራ፣ በማይክሮስኮፕ ትታያለች። ብለድ ፊልም የሚባለው ነው። ላብራቶሪ ባለሙያው የወባውን ተውሳክ ሲፈልግ፣ ቦሬሊያ ካለ በቀይ ሕዋሶቹ መካከል ተጠምዝዞ ያየዋል። ፈጣኑ የወባ ምርመራ፣ በትንሿ ፕላስቲክ ላይ መስመር የሚያወጣው፣ ይህን አያሳይም። «ወባ የለብህም» ብሎ ይመልሰዋል። ስለዚህ ብለድ ፊልም እንዲሠራለት ጠይቂ። «ሪላፕሲንግ ፊቨርም እንዲታይ» በይ። ይህን ማለት ነውር አይደለም።

ደሙ የሚወሰደው ትኩሳቱ ባለበት ሰዓት መሆኑም ወሳኝ ነው። ትኩሳቱ በወረደባቸው ቀናት ባክቴሪያው ከደም ውስጥ ስለሚመናመን በማይክሮስኮፕ ላይታይ ይችላል። «ትንሽ ይረፍ፣ ሲሻለው እወስደዋለሁ» ካልሽ ማስረጃው ይጠፋል። ዛሬ ትኩስ ነው። ዛሬ ይመርመር።

ሌሎችም አሉ። እውነተኛው ተስቦ፣ በቅማል የሚመጣው ታይፈስ፣ ተመሳሳይ ሰዎችን ነው የሚይዘው። ወንድምሽ ለሰሊጥ ሥራ መተማ ወይም ሁመራ ሄዶ የሚያውቅ ከሆነ ደግሞ ለሐኪሙ ንገሪ። ሁለት ሳምንት ያለፈው ትኩሳት ከጣፊያ እብጠት ጋር ሲሆን፣ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈውን ካላዛርን ማሰብ ግድ ነው። ከጣና ምሥራቅ ያለው ሊቦ ከምከም ላይ ከሃያ ዓመት በፊት የተነሳው የካላዛር ወረርሽኝ መጀመሪያ መድኃኒት የተለማመደ ወባ መስሎ ነበር። ሰው በተለመደው ስም ሲጠራው ጊዜ አለፈ። እኔ ሁሌ የሚያሳስበኝ ይሄው ነው። አንገቱን ማጠፍ ካቃተው ወይም ከቀባዠረ ደግሞ ማጅራት ገትርም ይታሰባል። በር ላይ ያለችውን ነርስ መጀመሪያ ይህንን ንገሪያት።

አሁን ወደ ቅማሉ። «ቅማላም» በእኛ አገር ስድብ ነው። በዚህ ስድብ ምክንያት በሽተኛ ልብሱን አይገልጥም፣ አስታማሚ አይናገርም፣ እኛም እያፈርን ሳንጠይቅ እናልፋለን። ወንድምሽ ቅማል የያዘው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ሰባት ሆነው አንድ ክፍል ስለሚያድሩ ነው። ብርድ ልብሱ የጋራ ስለሆነ ነው። ቅያሪ ልብስ ስለሌለው ነው። ክረምት ላይ ያጠበው ስለማይደርቅለት፣ ብርዱም ሁሉንም ልብስ ደራርቦ እንዲተኛ ስለሚያስገድደው ነው። በሽታው የሚያጠቃው እንዲህ የሚኖሩትን ነው። የቀን ሠራተኞችን፣ ጎዳና ላይ የሚያድሩ ልጆችን፣ እስረኞችን፣ ተፈናቃዮችን፣ በየገዳማቱና በየደብሩ ዙሪያ ጎጆ ውስጥ ተጨናንቀው የሚያድሩ የቆሎ ተማሪዎችን።

ቅማል ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ይህን በሽታ የሚያመጣው የልብስ ቅማል ነው። ፀጉር ላይ አይኖርም። በስፌት፣ በብብት፣ በሱሪ ወገብ እጥፋት ውስጥ ተደብቆ ይኖራል፣ ቅጫሙንም እዚያው ይጥላል። ደም ሊመጥ ብቻ ወደ ቆዳ ይወጣል። ባክቴሪያው የሚገባው ግን በዋናነት በንክሻው አይደለም። ቅማሉ ሲጨፈለቅ ከውስጡ የሚወጣው ፈሳሽ በተቧጨረ ቆዳ ወይም በዓይን በኩል ይገባል። ሰው ሲያሳክከው ያካል፣ ሲያክ ይጨፈልቃል። እኛ ደግሞ ቅማል በሁለት አውራ ጣት ጥፍር መግደል ልማዳችን ነው። እባክሽ ይህን አታድርጊ። ሌላ የማይታወቅ ነገርም አለ። ቅማል በጣም የጋለ ገላ አይወድም። ሰውየው ሲያተኩሰው ትቶት አጠገቡ ወዳለው ቀዝቃዛ ገላ ይሄዳል። አንድ ሰው በታመመበት ክፍል ሌሎቹ ተከትለው የሚወድቁት ለዚህ ነው።

ሆስፒታል ስትደርሱ ከተረጋገጠ ሕክምናው ቀላል ነው። ብዙ ጊዜ አንድ መርፌ ወይም አንድ ጊዜ የሚዋጥ መድኃኒት ይበቃል። ሳይታከም ሲቀር ከ100 በሽተኛ ከ10 እስከ 40 የሚሆኑትን ሊገድል የሚችል በሽታ፣ ሲታከም ከ2 እስከ 5 ወደሚሆኑት ይወርዳል። በአንድ ዶዝ መድኃኒት የሚመጣ ልዩነት ነው።

ግን አንድ ነገር አስቀድመሽ እወቂ። መድኃኒቱን ከወሰደ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ከቀድሞው የባሰ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ትኩሳቱ ይጨምራል፣ ልቡ በፍጥነት ይመታል፣ ይቃዣል። ከዚያ ያልበዋል፣ የደም ግፊቱም ይወርዳል። ይህ በብዙዎቹ በሽተኞች ላይ ይታያል። መድኃኒቱ ባክቴሪያውን በአንዴ ሲፈጀው፣ የፈራረሰው ባክቴሪያ ደም ውስጥ ይበተናል፣ ሰውነት በዚያ ላይ ይቆጣል። መድኃኒቱ አልተስማማውም ማለት አይደለም። አደገኛ የሚሆነው ግፊቱን የሚለካ፣ ግሉኮስ የሚሰቅል ሰው አጠገቡ ከሌለ ነው።

ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን ይህን ሳልነግር አንድ ወጣት አከምኩ። ከሰዓት በኋላ መርፌውን አዘዝኩ፣ ወደ ሌላ ታማሚ ሄድኩ። ስመለስ አባትየው ልጁን በጋቢ ጠቅልለው ሊያወጡት ነው። «ገደላችሁት» ይላሉ፣ ያለቅሳሉ። ልጁ አልጋው እስኪንኳኳ ይንቀጠቀጣል። ትንሽ ዘግይቼ ቢሆን ይዘውት ሄደው መንገድ ላይ ግፊቱ ይወርድ ነበር። ልጁ ዳነ። አባቱ ያጠፉት ነገር አልነበረም፣ ያጠፋሁት እኔ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ መርፌው ከመወጋቱ በፊት አስታማሚውን ቁጭ አድርጌ እነግራለሁ። አንቺም ስታዪው አትደንግጪ፣ ነርሷን ጥሪ። እስከ ማግሥቱ ተኝቶ ይቆይ። ሽንት ቤት ልሂድ ብሎ በድንገት ብድግ እንዳይል፣ ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል።

በዚሁ ምክንያት መድኃኒቱን ከፋርማሲ ገዝታችሁ ቤት እንዳትሰጡት። ለታይፈስ ተብሎ የሚታዘዘው ዶክሲሳይክሊን ይህንንም ባክቴሪያ ይገድላል። ስለዚህ ሳያውቁት ቤት ውስጥ ዋጥ አድርገው ይህ መንቀጥቀጥ የሚይዛቸው ሰዎች አሉ።

እሱ ቢድንም ወደዚያው ልብስና ወደዚያው ክፍል ከተመለሰ እንደገና ሊያዝ ይችላል። ሰባቱም በአንድ ቀን መታጠብና ልብስ መቀየር አለባቸው። አንዱ ከቀረ ሥራው ባዶ ነው። ዓባይ ዳር በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና የታጠበ ልብስ ንጹሕ ይመስላል እንጂ ቅማሉ አይሞትም። ልብሱንና አንሶላውን የሚፈላ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት፣ ሲደርቅ ስፌት ስፌቱን በካውያ ተኩሱት። መቀቀል የማይቻለውን፣ ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም የቆሎ ተማሪዎች የሚለብሱትን ደበሎ፣ በትልቅ ፌስታል አጥብቃችሁ አስራችሁ ሁለት ሳምንት አስቀምጡት። የልብስ ቅማል ደም ካላገኘ ከሳምንት ብዙም አያልፍም፣ ቅጫሙም ከገላ ሙቀት ርቆ አይፈለፈልም። ማላታይን ወይም ሌላ የእርሻ መድኃኒት ልብስም ሆነ ገላ ላይ እንዳትረጩ። ሰው ተመርዞ ሲመጣ አይቻለሁ። ከስድስቱ ልጆች ያተኮሰው ካለ ዛሬውኑ አብሮ ይመርመር። ለቀበሌያችሁ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም ንገሩ። ይህ በሽታ ሪፖርት ከሚደረጉት አንዱ ነው፣ ክፍሉን መጥተው ሊያዩ ይችላሉ።

ስለ ራስሽ የጠየቅሽውን ለመጨረሻ ያስቀመጥኩት ቀላል ስለሆነ አይደለም። በሽታው አብሮ በመቀመጥ፣ በማሳል ወይም በአንድ ማዕድ በመብላት አይተላለፍም። ታጥቦ ልብሱን ከቀየረ በኋላ ወንድምሽን ብታቅፊው አይይዝሽም። የሚይዝሽ በቅማሉ በኩል ነው። ነፍሰ ጡር ላይ ግን ይበረታል። ፅንስ ሊያስወርድ ወይም ያለ ጊዜው ሊያስወልድ ይችላል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ልብሱን አንቺ አትጠቢ። ሌላ ሰው፣ ጓንት ወይም ፌስታል እጁ ላይ አድርጎ፣ ቀጥታ የሚፈላ ውሃ ውስጥ ይክተተው። አንቺ የለበስሽውንም ቀቅዪ፣ ገላሽን ታጠቢ፣ እጅሽን ሳትታጠቢ ዓይንሽን አትሺ።

ከዚያ የመጨረሻ ያጠብሽበትን ቀን አስታውሺና ሦስት ሳምንት ቁጠሪ። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው የሚጀምረው። በዚህ መሃል ብርድ ብርድ ቢልሽ «የእርግዝና ድካም ነው» ብለሽ አትተኚ፣ ዳማከሴም አትጠብቂ። በዚያው ቀን ሂጂ። ካርድ ክፍል ላይ ሳይሆን ሐኪሙ ፊት ስትቀርቢ እንዲህ በይ፦ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ወንድሜ በሪላፕሲንግ ፊቨር ተጠርጥሯል፣ ቅማል ያለበትን ልብሱን አጥቤያለሁ። ነፍሰ ጡር መሆንሽን አስቀድሚ፣ የሚመረጥልሽ መድኃኒት በዚያ ይለያል።